ያስደፈንኩት መስኮት

ይህን ከሶላት በኋላ ለአላህ እነግረዋለሁ እንጂ ለሰው ነግሬው አላውቅም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አጻጻፌን እለፉልኝ፤ ሥራዬን ግን አትለፉልኝ።

አዋሽ እትዬ ሐዋ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ቤታቸውን ያሳድሱ ነበር። መብራት እንዳይፈጅ ብለው፣ ሻጩን በጥያቄ አድክመው፣ ትንሽ የሚበላ የኤሌክትሪክ ምድጃ መረጡ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰል ቆጣቢ ምድጃ። ለኩሽናው፣ ነፋስ እንዲያልፍና ቬንቲሌተር እንዳያስፈልግ፣ ከአሮጌው መስኮት ፊት ለፊት አዲስ ይከፈት አሉ፤ አናቱ ላይ የማይዘጋ መተንፈሻ ያለው።

አዲሱ መስኮት ወደ ከባድ መኪና ማቆሚያው የሚያይ ነበር። ሹፌሮቹ በቀዳዳው እያዩ፣ "ቆንጂት፣ ዛሬስ ምን ሠራሽልን?" ይሉኛል። እኔ ሰው ሲያየኝ እጄ ይተሳሰራል።

እትዬ መስታወት ሊመርጡ አዳማ ሄደው ሲሰነብቱ፣ ግንበኛውን ጋሼ ይመርን፣ እትዬ ደውለው ይደፈን ብለዋል አልኳቸው። ከሰል ባለበት ቤት አይሆንም ብለው ተከራከሩኝ። ደግሜ ዋሸሁ። በብሎኬት ደፈኑት።

በሦስተኛው ቀን አቧራው ተነሣ፣ መብራትም ጠፋ። እኔ ገበያ ነበርኩ። አብራኝ የምትሠራው ዘሃራ በሩንና አሮጌውን መስኮት ዘግታ ከሰል አቀጣጠለች። ስመለስ ወለሉ ላይ ተዘርራ አገኘኋት። ነፍሷ ተረፈች። አንደበቷ ግን ተሳሰረ፤ ቀኝ እጇም አልታዘዝ አለ።

እትዬ ተመልሰው ማን አስደፈነው አሉ። ጋሼ ይመር እኔን አሳዩ።

"እኔ አላልኩም" አልኩ።

"እሷ? ሰላምታ እንኳ በልመና ነው የምታወጣው" አሉ እትዬ። "የመስኮቱን ሥራ ልትገላገል ደፍነህ በልጅቷ ታሳብባለህ?"

ጋሼ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አንዴ ብቻ እውነቱን በይ።"

ሻርፔን ጎትቼ መሬት መሬት አየሁ። እትዬ ማፈሬ መሰላቸው። ከዚያ ወዲያ አዋሽ ውስጥ ሥራ የሚሰጣቸው ጠፋ፤ አገር ለቀው ሄዱ። የት እንደደረሱ አላውቅም።

አሁን ሰመራ ነኝ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው እንዳልል፣ ለመዋሸት መቼ አፈርኩ? እኔ ነኝ ያስደፈንኩት። እኔ ነኝ የካድኩት። ዘሃራን አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልላት ሁለት ጊዜ አዋሽ ሄጄ ከበሯ ተመልሻለሁ። አውፍ ልትለኝ ብትፈልግስ፣ በየትኛው አንደበቷ?