በየቤቱ የዞረችው ቀይ ወረቀት

ዘንድሮ፣ ገና አልፎ ጥምቀት ሳይገባ፣ የጎረቤቴ የእትዬ ጥሩዓለም ላም ሞተች። እትዬ ጥሩዓለም እዚሁ ሹም አቦ ሰፈር፣ ከአጥሬ ማዶ፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ በዚያች ላም ወተት ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ላሟም ጠዋት ወጥታ እስከ ሐይቁ ዳር ያገኘችውን ስትለቃቅም ውላ፣ ሲመሽ ማንም ሳይነዳት በሩን በቀንዷ ገፍታ የምትገባ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት ነበረች። ሆዷ ተነፍቶ መብላት ስታቆም የመጣው የእንስሳት ሐኪም ሊያድናት አልቻለም። እንደሞተች ግን፣ “ምን እንደገደላት ይወቁት፣ እናቴ” ብሎ ሆዷን ሲከፍተው፣ ለማጽናናት የተሰበሰብነው ሴቶች ሁሉ እዚያው ቆመን ነበር።

ሽታውን እንኳ ችዬው ነበር፤ ያልቻልሁት ያየሁትን ነው። ከጨጓራዋ ከፌስታልና ከገመድ ጋር ተጠቅልሎ የወጣው የስጦታ መጠቅለያ ነበር፤ ቀዩም፣ ወርቃማውም፣ ሪባኑም፣ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ውስጥ ከርሞ ዛሬም ያብለጨልጫል።

“ወረቀት ይመስላል እንጂ ላስቲክ ነው፤ አይፈጭላትም። የአንድ ዓመትም አይደለም” አለ ሐኪሙ።

“የገና ነው?” አሉ እትዬ ጥሩዓለም፣ ማንንም ሳያዩ።

ብርማ ኮከብ ያለበትን ሰማያዊ መጠቅለያ አወቅሁት፤ አምና ፔዳ ሰፈር ካለ ሱቅ ገዝቼ የልጅ ልጄን የመክሊትን ስጦታ የጠቀለልሁበት ነው። ቀና ስል ጎረቤቶቼም የየራሳቸውን ያወቁ ይመስል ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ቤቴ ገብቼ ምንም ያልነካሁበትን እጄን ደጋግሜ ታጠብሁ፤ እናቴ ትዝ ያለችኝም ያን ጊዜ፣ እጄ ገና ሳይደርቅ ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የዘጌ ቄስ ልጅ ስለነበረ ግን ገና ሲቃረብ ፋብሪካውን ረስቶ የሐይቅ ሰው ይሆናል፤ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ተሸክሞልን ይመጣል። እኔና እህቴ አረንጓዴ ልጣጩን ገፈን፣ ነጩን ውስጡን በቀጫጭኑ ሰንጥቀን፣ እንደ ሰሌን አግድምና ቁልቁል ደርድረን የገና ካርድ እንዲሆነን በጨርቅ መሃል ከፍራሻችን ስር እንከተዋለን፤ ስለዚህ ገና እስኪደርስ የምንተኛው በካርዶቻችን ላይ ነበር፣ ያውም መገላበጥ ተከልክለን፣ የረጠበ ሣር እየሸተተን። አንዳንዱ ደርቆ እንደ ብራና ያምራል፣ አንዳንዱ ይሻግታል። የሻገተው ለቅርብ ዘመድ ይሄዳል፣ ዘመድ አይቀየምም ተብሎ።

በላዩ የምንጽፈው በጥላሸትና በሙጫ በበጠበጥነው ቀለም ሲሆን፣ አባቴ ከኋላችን ቆሞ ፊደል ይጠብቃል።

“ብርሃነ ልደቱን በሐመሩ ሐ? ምን ጉድ ነው! ደግመሽ ጻፊው!”

“ጌታ በበረት ነው የተወለደ፤ በሐ አይጣላትም” ትለዋለች እናቴ፣ ካርዱን ከእጁ ነጥቃ።

መጠቅለያችን ደግሞ ከፋብሪካው የሚወጣ ቁርጥራጭ አቡጀዲ ነበር። ጫፍና ጫፉ ይቋጠርና ይላካል፤ ጨርቁም ታጥቦ ይመለሳል፤ ያልመለሰች ጎረቤት ደግሞ እስከ ፋሲካ ትታማለች።

በዚህ መሃል ነው ወይዘሮ ዘነበች ከአዲስ አበባ የመጡት፤ ባላቸው በፋብሪካው ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል ተመድበው። ለመጀመሪያው ገና ቤታቸው ጠሩን፤ ልጆቻቸው በአበባማ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታቸውን ተቀብለው በአንድ ጊዜ ብጭቅጭቁን ሲያወጡት እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

“በስመ አብ! ምን አገኛቸው?”

እኔና እህቴም ልጆቹ ያበዱ መስሎን እርስ በርስ ተያያዝን። ወይዘሮ ዘነበች እየሳቁ ለእናቴም በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ ስጦታ ሰጧት። እናቴ ያን ወረቀት ስትፈታ ወጡ ቀዘቀዘ። ማጣበቂያውን በጥፍሯ ጫፍ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ስትልጥ ባሎቹ ወሬ አቆሙ፤ ልጆቹ እንኳ ጉልበቷ ሥር መጥተው ተቀመጡ። ወረቀቷ ሳትጫር ወጣች፤ ታጠፈች፤ ከእኛ ጋር ወደ ቤት ሄደች።

እናቴ በከሰል ካውያ ተኩሳ በሚቀጥለው ገና ለአንዲት ጎረቤት ጠቀለለችባት፤ ጎረቤቲቱም ለሌላዋ፣ ሌላዋም ለእህቷ። ቀይዋ ወረቀት ከቤት ቤት ስትዞር ከረመች፤ ጠርዟ ሲላላ በሙጫ ተጠገነች፤ አንድ ጥጓ ላይም የእናቴ ካውያ ያሳረረው ጠባሳ ነበረባት። ከዓመታት በኋላ፣ ሁላችንም በተሰበሰብንበት፣ አንዲት ሴት ለወይዘሮ ዘነበች ስጦታ ስትሰጥ ቀይዋን ወረቀት እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየኋት። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች።

“ይቺ... ይቺ የኔ ወረቀት አይደለችም እንዴ?” አሉ ወይዘሮ ዘነበች። ጠባሳውን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “እኔ እኮ ስቀድ ነው የኖርኩት!” አሉ። ያን ቀን እሳቸውም እንደ እናቴ በጥፍራቸው ጫፍ ቀስ ብለው ፈቱት፤ እኛም ዙሪያውን ከበን ጠበቅን።

ሰሞኑን እድራችን ለእትዬ ጥሩዓለም ጊደር ለመግዛት ተስማምቷል። እኔም እሑድ ልጄና መክሊት ሲመጡ ይህንን ሁሉ አወራሁላቸው፤ የከርሞውን ስጦታ በጨርቅ እንድንጠቀልልም ለመንኋቸው። መክሊት አፏን ከፍታ ስትሰማ ቆይታ፣

“እማማ፣ ውስጡ ግን ምን ነበር?” አለችኝ።

“የምኑ ውስጥ?”

“የቀይዋ ወረቀት። ስጦታው።”

ልመልስላት ስል ባዶ ሆነብኝ። ሳህን ይሁን ሻርፕ፣ ስኳር ይሁን ሳሙና፣ ፈጽሞ አላስታውስም። ደነገጥሁ፤ ድንጋጤዬን ለመሸሽም፣

“አንቺስ፣ አምና የሰጠሁሽ ምን ነበር?” አልኋት።

አሰበች። ወደ እናቷ ዞረች። ልጄም ወደ እኔ ዞረች። የገዛሁት እኔ ነበርሁ፤ እኔም አላወቅሁትም።

እኔ እንኳ ስጦታው ቢጠፋኝ የእናቴ ጥፍር፣ የቀዘቀዘው ወጥ፣ የሚጠብቁት ፊቶች ቀርተውልኛል። መክሊትን፣ ከእኔ ምን እንደቀረላት ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። አልደፈርሁም።