ምንጣፉ አይነሳላትም

ለከፍታ ልምምድ ሱሉልታ የመጣችው ፈረንጅ በኦሎምፒክ ጁዶ የነሐስ ሜዳሊያ አላት፤ ዛሬ እንጀራዋ በሽቦ አጥር ውስጥ በቡጢና በትግል መፋለም ነው። ግራ ጆሮዋ ተጨማዶ ደርቋል። ጂማችን በር ላይ ስትደርስ ግን ጫማዋን አውልቃ፣ በጁዶ ወግ፣ ለልምምዱ ምንጣፍ ዝቅ ብላ እጅ ትነሳለች። ጥበቃው ኦቦ ዲሪርሳ በየጧቱ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ።

«ኖር!»

«ለእርስዎ እኮ አይደለም፣ ለምንጣፉ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ምንጣፉ ሊነሳላት ነው?»

እሷም እየተኮላተፈች «በእግዜር» ማለት ለምዳለች።

ቅዳሜ ግጥሚያዋን ጂም ውስጥ ተሰብስበን በቴሌቪዥን አየን። አጥሩ በር ላይ ቆማ፣ በዚያ ሁካታ መሃል ዝቅ አለች። እዚያ ማንም ልብ አላላትም። እዚህ ሁላችንም ከኦቦ ዲሪርሳ ጋር ብድግ አልን።

«ኖር!»

ቀና ስትል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።