ባሮ ዳር ያለው ባዶ በርጩማ

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ፣ ጎረቤት የአቤቱታ ጽሑፍ እዩልኝ ብሎ ሲመጣ ወረቀቱን አይቀበሉም ነበር። ባሮ ወንዝ ዳር ካለው ማንጎ ሥር በርጩማቸው ላይ ይቀመጡና፣ «የከሰስከው ሰው እኔ ነኝ፤ ፊቴ ቆመህ አንብብ» ይላሉ።

በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ለክረምት ጋምቤላ ስመለስ ለተማሪዎች ጋዜጣ የጻፍኩትን ደብዳቤ ይዤ ነበር። የጋዜጣው መመሪያ ግልጽ ነው፦ ይጠር፣ ከአንድ ጉዳይ አይውጣ፣ የጸሐፊው ሙሉ ስም ይኑረው። የእኔ ቤተ መጻሕፍቱ ማታ እንዲከፈት ይጠይቃል፤ ኃላፊውን ደግሞ ሦስት ገጽ ሙሉ ይሰድባል። ስም የለውም።

«ኃላፊው እኔ ነኝ፤ አንብቢ» አሉኝ።

ዓይናቸውን እያየሁ ስድቡ ከአፌ አልወጣ አለ። ስድቡን እየዘለልኩ ሳነብ ከደብዳቤው ግማሽ ገጽ ብቻ ቀረ።

«ስምሽስ?»

«በዚህ ጊዜ? ያስሩኛል እኮ አጎቴ!»

«ስም የሌለውን ወረቀት የጠላት ነው ይሉታል። ስምሽ ካለበት ግን ማታ ማንበብ የፈለገች ተማሪ ነሽ፤ በቃ።»

ያንኑ ግማሽ ገጽ ፈርሜ ላክሁት። ታተመ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ማታ ተከፈተ።

ይህንንም ጽሑፍ ዛሬ በርጩማቸው ፊት ቆሜ አነበብኩት። አጭር ነው፣ ስድብ የለበትም፣ ወረቀቱ ላይም ፈርሜበታለሁ። «እኔ ነኝ፤ አንብቢ» የሚለኝ ባይኖርም፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጨረስኩት።