አምስት ሄደን አምስት መጣን

«ምንጣፍ አይሆንም አልሁ! ሌላ ፈልጊ።»

«ጋሼ ደግሞ! የበግ ቆዳ እኮ ነው» አለች የወንድሜ ልጅ ሰላም። አሮጌውን ደበሎ ከሣጥኑ ሥር ጎትታ አውጥታ ክንዷ ላይ ጥላዋለች። «ሣሩ ላይ አንጥፈነው ልጆቹ ይቀመጡበታል። ዘጌ ድረስ ሄደን እርጥብ መሬት ላይ ይቀመጡ ነው የሚሉት?»

«ዘጌም አልሄድም።»

«ትናንት እሄዳለሁ ብለው አልነበር እንዴ!»

ታላቅ ወንድሜ ደርቤ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ማንጎ ይልጣል። ቀና ሳይል «ተዋት እባክህ» አለኝ። «ለብሼው የኖርሁት እኔ ነኝ። እኔ ዝም ካልሁ አንተን ምን አንገበገበህ? ደግሞስ ከተማ ጥሞት የቀረ ሰው ልብስ ነው።»

ሰላም ደበሎውን አንድ ጊዜ አራገፈችው። አቧራው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ተነሣ፤ ሽታውም መጣ፤ የጢስ፣ የእርጥብ ቅጠልና የላብ ሽታ። ከዚያ በኋላ የሁለቱን ንግግር አልሰማሁም።

አባታችን ከወሎ መጥቶ ባሕር ዳር የከተመ የፋብሪካ መካኒክ ነበር። እሑድ እሑድ ያንሸራሽረናል። አንዳንዴ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥተን ዓባይ ሲጠማዘዝ እናያለን፤ አንዳንዴ ወንዙ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ ተቀምጠን ጉማሬ እንጠብቃለን። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ጢስ ዓባይ። አባባ ከቤት ስንወጣ ይቆጥረናል፤ ስንመለስም በራችን ላይ አቁሞ ይቆጥረናል። እሱ፣ እማማ፣ ደርቤ፣ እኔ፣ ትንሿ እኅታችን ትዕግሥት። ቆጥሮ ሲጨርስ «አምስት ሄደን አምስት መጣን፣ ተመስገን» ይልና ቁልፉን ያወጣል። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር። የማሽን ብሎን መሰልነው እንል ነበር።

ከዚያ አፈሳው መጣ። ለጦር ግንባር የሚበቃ ወጣት ከመንገድ፣ ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ እየታፈሰ በመኪና ይጫናል። እሑዶቻችን ቆሙ። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው ደርቤ ከጓሮ ክፍል አይወጣም፤ ሲስል እንኳ ትራስ ውስጥ ነው። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አጭርና ቀጭን ስለሆንሁ ማንም አይፈልገኝም። ራሴን በራሴ ባለቅኔ አድርጌ ሾሜአለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከሬዲዮ የሰማሁትን፣ ከለቅሶ ቤት ሙሾ የለቀምሁትን በደብተር እገጣጥማለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ዓይኔ ግን የሚያመልጠው አልነበረም።

ስለዚህ በጥቅምት ማለቂያ አንድ ቅዳሜ አባባ «ነገ ዘጌ እንሄዳለን፣ ለሽርሽር» ሲል ትዕግሥት ጨፈረች፤ እኔ ግን የእማማን እጅ አየሁ። ድፎ ዳቦና የተጠበሰ ቆረሶ ዓሣ ትጠቀልላለች። ያ ይሁን። ከሥሩ ግን ሁለት ትልልቅ ከረጢት በሶ፣ አንድ ጋቢና አንድ ሳሙና አስገባች። ለአንድ ቀን ሽርሽር ሳሙና ምን ይሠራል? አልጠየቅሁም።

ያኔ ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። አባባ ያወጣውን በትከሻው ላይ አንገቴን አስግጌ አነበብሁት፦ ቤተሰብ አምስት፤ በዕለቱ የሚመለሱ።

ወደቡ ላይ ጠመንጃ ያነገበ የአብዮት ጥበቃ ወረቀቱን ተቀብሎ በደንገል አገዳ ጭንቅላታችንን እየነካ ቆጠረን። ከደርቤ ራስ ላይ አገዳው ትንሽ የዘገየ መሰለኝ። ሐይቁ እንደ ፈሰሰ ዘይት ዝም ብሎ ነበር። ነጫጭ ወፎች በአንድ ጉቶ ላይ ተደርድረው፣ ጀልባችን ሲያልፍ አንዳቸውም አልተነሡም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግጥም አደርገው ነበር። ያን ዕለት አልወደድሁትም።

ዘጌ ሞፈርና ቀንበር የማይገባበት ምድር ነው። ከጥንት ጀምሮ በግዝት ስለታሰረ መሬቱ አይታረስም፤ ሰዉ በቡናና በጌሾ፣ በሎሚና በትርንጎ ይኖራል። ስለዚህ ጫካው እንዳለ ነው። በካብ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ስንወጣ ከላያችን ፀሐይ ጠፋች። አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አነጠፍን። ዳቦው ተቆረሰ፤ ዓሣው ተፈታ። ከትዕግሥት በቀር የበላ የለም። ጦጣዎቹ እንኳ ምግባችንን ሲያዩ ቆይተው ተዉት።

ከዚያ በጫካው ውስጥ ካለው ገዳም የቅኔ መምህሩ የኔታ መጡ። አባባ አንድ ጊዜ የገዳሙን የውሃ ፓምፕ ጠግኖላቸው ስለነበር ይተዋወቃሉ። ነገሩ ያኔ ተገለጠ፤ ደርቤ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀላቅሎ እዚያው ሊቀር ነው። እማማ ከረጢቱን ወደ እሱ ገፋች።

«አባባ» አልሁ፣ «ወረቀቱ ላይ አምስት ነው።»

ዕድሜ ልኩን ሲቆጥረን የኖረው አባቴ ይህንን አልቆጠረውም ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። አራት ሆነን ብንመለስ ወደቡ ላይ የጎደለው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ በማግስቱ ጫካው ይፈተሻል።

የኔታ ደርቤን ከራስ እስከ እግሩ አዩት። በመጨረሻ ከዛፎቹ መካከል ወደሚታዩት የተማሪዎች ጎጆዎች ዞረው «ይባቤ!» ብለው ተጣሩ።

የመጣው በቁመቱ ደርቤን የሚያህል፣ ራሱን የተላጨ፣ በዚህ ደበሎ የተሸፈነ ተማሪ ነበር። «ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሂድ። በረቡዕ የገበያ ጀልባ ትመለሳለህ። ወደ ዘጌ የሚሄድ የቆሎ ተማሪ ማንም አይቆጥርም» አሉት። «እሺ የኔታ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ዛፉ ጀርባ ልብስ ተለዋወጡ፤ አባባም ባርኔጣውን አውልቆ የይባቤን የተላጨ ራስ ሸፈነበት። ደርቤ ደበሎውን ሲለብስ እማማ ፊቷን አዞረች።

ማታ ወደቡ ላይ ያው አገዳ ጠበቀን። አንድ፣ ሁለት... ይባቤ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ምን ሆነህ ታነክሳለህ?»

ይባቤ ጫማ አድርጎ አያውቅም ነበር። አባባ ቶሎ ብሎ «አዲስ ጫማ ነው ጓድ፣ ጠብቦት ነው» አለ።

«ለሽርሽር አዲስ ጫማ! ሙሽራ ነህ እንዴ አንተ?» ብሎ ሳቀ ጠባቂው። እኛም ሳቅን። የዚያን ሳቅ ድምፅ እስከ ዛሬ አልወደውም። አገዳው ወደ ትዕግሥት ራስ አለፈ። «አምስት። ግቡ።»

በራችን ላይ ስንደርስ አባባ እንደ ልማዱ ቆመ፤ አየን። «አምስት ሄደን አምስት መጣን» አለ። ተመስገን አላለም።

እነዚያ ሦስት ቀናት በሕይወቴ ከተማርሁት ሁሉ የበለጠ የተማርሁባቸው ናቸው፤ ይህን መናገር ያሳፍረኛል። ይባቤ በጓሮ ክፍል ተቀምጦ ደብተሬን አስነበበኝ። «ቤቱ መትቷል» አለ ሰምቶ ሲጨርስ፤ «ሰው ግን አይኖርበትም።» ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ጉባኤ ቃና የሚባለውን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ያስቆጥረኝ ጀመር። ማክሰኞ ማታ የመጀመሪያውን ቤት ሞላሁ፤ ሁለተኛው እምቢ አለኝ። ስለ አገሩም ነገረኝ፦ «ይፋግ ነው። ለየኔታም አልተናገርሁ። ጠፍቼ ነው የመጣሁ፤ እናቴ ያለሁበትን ከሰማች መጥታ ትወስደኛለች። ተምሬ ስጨርስ ደበሎዬን ለብሼ ድንገት እገባባታለሁ።»

ረቡዕ ማለዳ ሊሄድ ተነሣ።

«እስከ እሑድ ቆይ» አልሁት፣ «ሁለተኛውን ቤት እስክሞላ።»

«የኔታ ይቆጣሉ። ደግሞ አፈሳ አለ ትላላችሁ።»

«የእኛ ሰፈር ባለፈው ሳምንት ታፍሷል፤ አይደገምም።»

ይህን ማንም አልነገረኝም። ከራሴ ፈጠርሁት። አባባና እማማም ራሱ መቆየት የፈለገ መሰላቸው።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተመታ። ሁለት ወታደሮችና ከኋላቸው የቀበሌው ሰው። አንደኛው ከወረቀት ላይ «ደርቤ የሚባለው?» አለ። የቀበሌው ሰው ደርቤን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ይባቤን አየው፤ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ። ከቀበሌያችን ኮታ አንድ ሰው ጎድሎ ነበር።

«እሱ እኮ...» ብላ ትዕግሥት ስትጀምር እማማ አፏን በእጇ ያዘች።

ይባቤ አባባን አላየም፤ እማማንም አላየም። እኔን አየኝ። ከዚያ «እኔ ነኝ» አለ። ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ ሲል «ተወው፣ እዚያ ይሰጡሃል» አሉት። በባዶ እግሩ ወጣ። 

ከሁለት ዓመት በኋላ አባባ ቀበሌ ተጠራ፤ ልጅዎ ደርቤ ተሰውቷል ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። እማማ በሕይወት ያለ ልጇን በስሙ እየጠራች ማልቀስ ነበረባት፤ አለቀሰች። አጠገቧ ስለነበርሁ፣ በነጠላዋ ውስጥ ስሙን ስትለውጠው የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ሥርዓቱ ሲወድቅ ደርቤ በደበሎው ተመለሰ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንን ነበር፦ «ለምንድን ነው በረቡዕ ጀልባ ያልተመለሰው?»

«እንጃ» አልሁት። «ከተማው ጥሞት ነው መሰለኝ።»

ወላጆቻችን አልፈዋል። እኔም ሸምግያለሁ፤ ብዙ ግጥም ጽፌአለሁ፤ ሁለተኛውን ቤት ግን አልሞላሁትም። ያን ልጅ የገደለው ጦርነት ነው እያልሁ ኖሬአለሁ። እውነትም ጦርነት ነው። ግን ጦርነቱ የእኛን በር ያንኳኳው ዓርብ ነበር፤ ጀልባው የሄደው ረቡዕ።

«ጋሼ፣ ይሰሙኛል?» አለች ሰላም። «ልጠቅልለው?»

«ደርቤ» አልሁ። «ከተማው አልጣመውም።»

ቢላዋው ማንጎው ላይ ቆመ።

«ረቡዕ ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። ቅኔ እንዲያስተምረኝ ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አፈሳ አይደገምም ብዬ ዋሸሁት።»

ከውጭ የልጆቹ ጫጫታ ይሰማል፤ ማን መስኮት አጠገብ እንደሚቀመጥ ይጣላሉ። ደርቤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ እያንዳንዱን ጣት።

«አገሩንስ ታውቃለህ?»

«ይፋግ።»

«ይፋግ» አለ ቀስ ብሎ። «በየዓመቱ ዘመዶቹን ሳፈላልግ አብረኸኝ ነበርህ።»

«አዎ።»

«እናቱ አለች?»

«አላውቅም። ጠይቄም አላውቅ።»

ተነሣ። ደበሎውን ከሰላም ክንድ ላይ በሁለት እጁ ወስዶ፣ ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርጎ አጠፈው።

«አባዬ፣ መኪናው እኮ እየጠበቀን ነው» አለች። «ሽርሽሩስ?»

 እሷንም እኔንም አላየንም። ደበሎውን ብብቱ ሥር ይዞ ወጣ፤ በሩም ከኋላው ተዘጋ።