ከረግረጉ የወጣችው ሴት አንገት

በአርባ ዓመቴ ተምሬ የራጅ ባለሙያ ሆንኩ። የምሠራበት የአምስተርዳም ሆስፒታል አንድ ቀን እንግዳ ሬሳ ተቀበለ። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ረግረግ ውስጥ የተቀበረች ወጣት ሴት ናት፤ ተመራማሪዎች በሲቲ ስካን ሊያዩዋት አመጧት። የረግረጉ አሲድ አጥንቷን በልቶ፣ ቆዳዋን ግን እንደ ጫማ ቆዳ አልፍቶታል። አንገቷ ላይ የሱፍ ገመድ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ሥጋዋ ውስጥ ሰጥሟል።

ከሥራ ስመለስ ለታናሽ እህቴ ነገርኳት። ከባሏ ሸሽታ ኦስዶርፕ ሰፈር እኔ ቤት ከገባች ሳምንት ሊሆናት ነው፤ ቤት ውስጥም ሻርፕ ከአንገቷ አይወርድም።

«ማተቧ ይሆናላ» አለች።

«ማተብ ጆሮ ሥር እንዲህ አይጠብቅም። የተሰቀለች ብትሆን ደግሞ ሰንበሩ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ የእሷ ዙሪያውን እኩል ነው። ሰው ነው የጎተተው። ደረቷ ላይም የቢላ ቀዳዳ አለ።»

«ታግላ ይሆን?»

«እሱን ምስሉ አያሳይም።»

እሑድ ከሰዓት እሷንና ባሏን ያጋቧቸው አዛውንት ከዴን ሃግ መጡ። ሊያስታርቁና ሮተርዳም ወዳለው ቤቷ ሊመልሷት ነው።

«ልጄ፣ ተናዶ ያዝ አደረገሽ እንጂ ምን አደረገሽ? ባልና ሚስት ይጋጫል። ይኸው ታች መኪና ውስጥ እየጠበቀሽ ነው።»

እህቴ ሻርፗን ፈታ ወደ እኔ ዞረች። «የዚያችን ሴት እንዳነበብሽው፣ የእኔንም አንብቢላቸው።»

ወደ አንገቷ ቀረብኩ። «ከጉሮሮዋ እስከ ማጅራቷ እኩል የዞረ ሰንበር። በስተቀኝ ቆዳው ተልጧል። እነዚህ ጭረቶች የራሷ ጥፍር ናቸው፤ ለማላቀቅ ስትታገል። ዓይኗ ውስጥ ደም ቋጥሯል፤ አንገት ታንቆ ሲቆይ ነው እንዲህ የሚሆነው። ያዝ በማድረግ ብቻ ይህ አይመጣም፣ ጋሼ።»

«በምንድን ነው ያነቀሽ?» አሏት አዛውንቱ።

«በማተቤ። ባይበጠስ አይለቀኝም ነበር።»

«ለእኔ ያዝ አደረግኋት ብቻ ነው ያለኝ» አሉ አዛውንቱ። ሻዩን ሳይነኩ ተነሥተው ወረዱ።

በመስኮት አየናቸው። ወደ መኪናው ጎንበስ ብለው ሲናገሩት በሩን በርግዶ ገፈተራቸው፤ አስፋልቱ ላይ በጀርባቸው ወደቁ። ልወርድ ስል እህቴ ክንዴን ያዘች። እሱ የሕንፃውን በር በእርግጫ እየመታ «ውጪ፣ ዛሬ እጨርስሻለሁ» ይላል። መስተዋቱ ሲረግፍ ተሰማን።

እህቴ ለፖሊስ ደውላ በሆላንድኛ አድራሻችንን ተናገረች። ከዚያ የባሏን ስም፣ ፊደል በፊደል።