ረቢያ ሳሳች ተባለ

ሮቤ ገበያ ቅመም ተራ ውስጥ ከረቢያ ጋር አፍ ተካፍቶ የረታ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሰላሳ ሁለት ዓመት ጥቁር አዝሙዷን፣ ኮረሪማዋንና አብሿን በየጆንያው አፍ ከፍታ መሬት ላይ ትደረድራለች። ገዢ ሲመጣ ጎንበስ፣ ሲሄድ ቀና። ወገቧ እንጂ ምላሷ ጎንበስ ብሎ አያውቅም።

ላለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ጠቧ ከልብስ ሰፊው ከለሚ ጋር ነበር። ያሰፋችው ቀሚስ ሁሉ መሬት ይጠርጋል።

«ሜትርህ አብዷል» ትለዋለች።

«ሜትሩስ ጤነኛ ነው፣ አዴ ረቢያ። ያጠሩት እርስዎ ነዎት» ይላታል።

በስልሳ አንድ ዓመቷ እንዲህ ስትባል መቀሱን ቀምታ ልትወረውርበት ምንም አልቀራት።

እንዲህ እንዳለች አንድ የገበያ ቀን የኮረሪማ ጆንያ ወደ ራሷ ልትስብ ጎንበስ ስትል ጀርባዋ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ወድቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደደች። ማንም አልገፋት፣ ምንም አላደናቀፋት፣ ጆንያውም ከመሬት አልተነሳ። የተራው ሴቶች ከበቧት፤ ምርመራቸው ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

«ብርድ ነው» አሉ።

በባሌ ደጋ ብርድ ያልተከሰሰበት በሽታ የለም። ጥርስም ብርድ ነው፣ ጨጓራም ብርድ ነው። ረቢያ ግን መተንፈስ እስኪያቅታት ድረስ አመማትና ልጇ ዘይነዲን ጎባ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰዳት። ራጅ ተነሳች። ሐኪሟ ዶክተር ሶረቲ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

«አጥንትዎ ሳስቷል፣ እናቴ። ከጀርባዎ አጥንቶች አንዱ ተጨፍልቋል።»

«ማል ጄቴ? ምን አልሽ? ሳሳ?»

«ነቀዝ የበላው ስንዴ ያውቃሉ?»

«ዕድሜዬን ገበያ ጨርሼ ስንዴ ታስተምሪኛለሽ?»

«እንግዲያው ይገባዎታል። ከላይ ሲያዩት ፍሬው ሙሉ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ዱቄት ይሆናል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የብዙ ሴት አጥንት እንደዚህ ይሳሳል። ሳያም፣ ሳይነግር። እስኪሰበር ድረስ የሚያውቀው የለም። ቁመትም ይቀንሳል።»

ረቢያ ለሚ ትዝ አላት። እውነቱን ኖሯል። ከሕመሟ ይልቅ ይህ አንገበገባት።

ሐኪሟ ቀጠለች። ሕመሙ ለዘብ ሲል ተነስታ መራመድ አለባት፤ የማይሠራ አጥንት ይብስ ይሳሳል። ፀሐይ ትሙቅ፣ ወተትና እርጎ ትጠጣ፣ ጎመን ትብላ። ጎንበስ ብሎ ከመሬት ማንሳት ግን ቀረ። በሳምንት አንዴ የምትውጠው ኪኒንም አለ፤ ማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ። ከዋጠች በኋላ ግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት የለም፣ ጉሮሮ ያቆስላል።

ይህ ሁሉ ሲነገር ዘይነዲን በር ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል። ከሐኪሟ ቃል ጆሮው የያዘው አንዲቱን ነው፤ ሳስቷል። የሳሳ ነገር ደግሞ ምን ይደረጋል? ይደለባል። እናቱን ቤት አስገብቶ ጓዳ አስተኛት፣ ብርድ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋ፣ ሁለት ጋቢ ደረበባት። የመደብም የግቢም ጎረቤቷ ቀለሟ በየማለዳው ጭኮ ይዛ ትመጣ ጀመር። የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ፣ ማንኪያ ቢተክሉበት ቀጥ ብሎ የሚቆም።

«ብዪ እንጂ» ትላለች ቀለሟ። «አጥንት እስኪወፍር መነሳት የለም።»

ቀለሟ እጇ ለጋስ ነው፣ ክፋቱ አፏም ለጋስ ነው። ከረቢያ ጓዳ ስትወጣ «አጥንቷ ሳሳ» የነበረው ወሬ፣ ቅመም ተራ ሲደርስ «ረቢያ ሳሳች» ሆነ። ጨርቅ ተራ ሲደርስ ደግሞ «ስስቷ በዛና አጥንቷ ገባ፤ ለመሆኑ ኮረሪማ ሽጣ ስትመርቅ ያያት አለ?» ተባለ። ሰው ሳቀ። ይህን ለረቢያ የነገረቻት ምራቷ ሰሚያ ናት፤ እሷም እየነገረች ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር።

ረቢያ አልሳቀችም። ቅመም ተራ ውስጥ ማንም ያልጻፈው ሁሉም የሚያውቀው ደንብ አለ። ሦስት ገበያ ተከታትሎ የቀረ ሰው መደቡን ለአጠገቡ ሰው ይለቃል። ረቢያ ሁለት ገበያ ቀርታለች። አጠገቧ ያለችው ደግሞ ቀለሟ ናት። ያን ጊዜ የጭኮውን ሳህን ገፋ አደረገችው።

በሦስተኛው ገበያ ዋዜማ ልጇን ጠራችው።

«ነገ እወጣለሁ። ሕመሙ ለዘብ ብሎልኛል።»

«እማ፣ ዲሲ፣ ተይው። እረፍት ነው የሚያስፈልግሽ።»

«ሐኪሟ ናት ተኚ ያለችኝ?»

«ሳስቷል ብላለች። ራሴ ሰምቻለሁ።»

«ከዚያ ወዲያስ ምን ሰማህ?»

ዘይነዲን ጋቢዋን ሊያስተካክል ጎንበስ አለ።

«ድልብ በሬ አደረግኸኝ እኮ። ለዒድ ልታርደኝ ነው?»

«ብርዱን ብዬ ነው እንጂ…»

«ብርዱ እኔን ሰላሳ ሁለት ዓመት ገበያ መሀል ያውቀኛል፣ አንድ አጥንት አልሰበረብኝም። ፀሐይ ከልክለህ፣ እግር ከልክለህ የቀረውን የምታሳሳው አንተ ነህ። እግሬ ላይ ወድቀህ ማሪኝ ብትል አልምርህም፤ ሂድ ከፊቴ።»

ማለዳ ሱብሂ ሰግዳ እንደጨረሰች ሰሚያ ኪኒኑን ከጭኮና ከአንድ ኩባያ ወተት ጋር አቀረበችላት።

«ሁሉንም በአንዴ ይውሰዱት ብዬ ነው።»

«ወተቱን ኋላ እጠጣዋለሁ። ጭኮውን ለባልሽ ስጪው፣ ጭንቅላቱ ሳስቷል።»

ኪኒኑን በውሃ ዋጠች። በር ላይ በርጩማ አስወጥታ ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያየች ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። የግቢው ሰው እሷን ላለማየት ሥራ ፈጠረ። ከዚያ ወተቷን ጨልጣ፣ ሻርፗን አጥብቃ፣ ከዘራ ይዛ ወጣች።

ዘይነዲን ጆንያዎቿን በሚነዳው ባጃጅ ጭኖ ከኋላ ከኋላ ተከተላት።

«እማ፣ ግቢና ላድርስሽ። ሰው ያየናል።»

«ይየና። አንተ ጉድጓድ አትመርጥም፣ የቀሩትን አጥንቶች ልትጨርስልኝ ነው?»

በየአምሳ እርምጃው ቆመች። በቆመች ቁጥር ጀርባዋን ወጋት፤ በወጋት ቁጥር አንድ ሰው ረገመች። ለሚ ከሱቁ ወጥቶ ሰላም ሊላት አፉን ሲከፍት «አንተ ዝም በል» ብላው አለፈች።

ቀለሟ ጆንያዎቿን ዘርግታ የረቢያን መደብ ጨርሳ ልትይዝ ሁለት ክንድ ቀርቷት ነበር። ስታያት ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ረቢያ፣ ምነው ተነሳሽ? እኔ እኮ ሌላ እንዳይዘው ብዬ…»

«አንሺ።»

«ቆይ፣ በደህና ጊዜ እንነጋገራለን። ሰው ይሰማል።»

«ሰውማ ሲሰማ ነው የከረመው። ሳሳች ብለሻል አይደል? የሳሳው አጥንቴ ነው፤ ያንቺም ይሳሳል፣ በአንድ ዓመት ነው የምንበላለጠው። ሄደሽ ታይ፣ እንደኔ ቀጭ እስኪል አትጠብቂ። መደቤን በሚመለከት ደግሞ እውነትሽን ነው። እሳሳለሁ። አንዲት ጭብጥ አፈር አልመርቅልሽም።»

ቀለሟ ጎንበስ አለች። ጆንያዎቿን አንድ በአንድ ወደ ራሷ ጎተተች። የቅመም ተራ ሴቶች ሁሉ ድንገት ሚዛናቸው ላይ ማስተካከል ያለባቸው ነገር ተገኘላቸው።

ዘይነዲን የእናቱን ጆንያዎች ከባጃጁ አውርዶ እንደ ድሮው መሬት ላይ ደረደረ። ረቢያ አየቻቸው። ወደ እነሱ ማጎንበስ እንደማትችል ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ይህም አናደዳት።

«አናጢ ጋ ሂድ» አለችው። «ጠረጴዛ ያስፈልገኛል። ሰፊ።»

«ቁመቱ?»

እጇን ወገቧ ላይ አስቀመጠች። «እስከዚህ።» ዘይነዲን በክንዱ ከመሬት እስከ እጇ ለክቶ፣ ሳይከራከር ሄደ።

አንድ ጎረምሳ መጥቶ ኮረሪማ እንድታነሳለት ጠየቃት።

«ጎንበስ በልና አንተው ዝገን» አለችው ረቢያ፣ ከዘራዋን ተደግፋ ቀጥ እንዳለች። «እኔ ጨርሻለሁ።»