በምላጭ የተፋቀው ማሳ

«ባልሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ካርታ ይሠራል» ማለት አልወድም ነበር። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ የቁማሩ ካርታ እየመሰላቸው ከንፈር ይመጡልኛል። «ኧረ የመሬቱን ነው! እኛ ቤት ቁማር ምን ሊሠራ!» ብዬ እቆጣለሁ። ፀጋዬ ይሰማና ይስቃል። እሱ ማንንም አይቆጣም፤ የእሱንም ድርሻ የምቆጣለት እኔ ያለምወርቅ ነኝ።

ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ዘመም ባለች ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ኖረ። ገጠር ይወርዳል፣ ይለካል፣ ሲመለስ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ በቀለም ብዕር ይሥላል። የተሳሳተ መስመር በላጲስ አይለቅም፤ በምላጭ ቀስ አድርጎ ነው የሚፍቀው። ስለዚህ ምላጭ ከኪሱ ጠፍቶ አያውቅም። ጢሙን ግን እኔ ካልጮህኩበት አይላጭም ነበር።

ስለ ካርታ ማውራት ከጀመረ ማን ያቆመዋል! «የእግር መንገዱን አሳዪኝና ማን ከማን እንደተኳረፈ ልንገርሽ» ይለኛል። አንድ እሑድ ከጸሎት መልስ ሁለት መንደር አሳየኝ። መሀላቸው አንድ ምንጭ አለ፤ ከሁለቱም ወደ ምንጩ መንገድ ይወርዳል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ግን ክር የምታክል መንገድ የለም። «ደም ተቃብተው ነው» አለኝ። ጤና ጣቢያው ሰው ከሚበዛበት ሳይሆን አንድ ሹም ከተወለደበት መንደር እንደተተከለ አሳየኝ። ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት የሚሄዱት መንገድ ወንዶቹ ገበያ ከሚሄዱበት ይረዝማል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ያለቁ መንደሮች የድሮው ካርታ ላይ ስም አላቸው። ፀጋዬ ስማቸውን በአዲሱም ላይ በደቃቅ ፊደል ሊጽፍ ቢል አለቃው «ሰው የሌለበትን ጽፈህ ምን ሊረባን?» ብሎ ከለከለው። ያን ቀን እራት አልበላም፣ እኔም ለአለቃው የሚገባውን ስድብ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰደብኩለት።

ቢሮው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውንም የምርት ግራፍ የሚሠራው እሱ ነው። ቁጥሩ ከላይ ይመጣለታል፣ እሱ ዓምዱን አረንጓዴ ይቀባል። ዓምዱ በየዓመቱ ያድጋል። «ይሄ ሁሉ እህል ካለ ጤፍ ለምን በየወሩ ይወደዳል?» ስለው «እኔ ቀቢ ነኝ ያለምዬ፣ ግራፉ የእነሱ ነው፤ የእኔ ካርታው ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ካርታ ላይ ውሸት ሥሎ አያውቅም፣ ከአንድ ጊዜ በቀር። የምነግራችሁ ስለዚያች አንድ ጊዜ ነው።

ዘመኑ ሰማንያ ዘጠኝ ነው። ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ አጋምሳ የምትባል ቀበሌ አለች። ካርታዋን ሊሠራ ወርዶ አያ ጀማሉዲን ቤት ሰነበተ። አያ ጀማሉዲን ከእሱ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጡታል። በሰማንያ ሦስቱ ድልደላ ከአባታቸው መሬት ሲሶዋ ብቻ ቀርታላቸው፣ እሷንም ልጃቸው ሙንዚር ሲያገባ ለእሱ ለቀቁለት። እሳቸውና ባለቤታቸው ኡሙሰልማ ፍየል እንኳ የማይወጣበት ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ወጡ። ስድስት ዓመት ድንጋይ ለቅመው ካብ ካቡ፤ አፈሩን ከወንዝ ዳር በጆንያ፣ በጀርባቸው አመላለሱት፤ ከላይ ካለው ምንጭ ቦይ ጠልፈው ካሮት፣ ጎመንና ሽንኩርት አበቀሉበት። ጎጇቸውንም እዚያው ቀለሱ። ፀጋዬ ሲመለስ ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ «መሬቱን እኮ በእጃቸው ነው የሠሩት!» እያለ ሳምንት አደነቆረኝ።

ያን ሰሞን ጎጃምና ጎንደር መሬት እንደገና ተደለደለ የሚለው ወሬ ወሎን አስጨንቋት ነበር። ገበሬው ደብተር የያዘ ሰው ባየ ቁጥር በሬውን ዘመድ ቤት ይነዳል፣ ማሳውን ያሳንሳል። ቆጣሪ መጣ ማለት ወሳጅ መጣ ማለት ነው። ከስንት መንግሥት ያዩት ነገር ነው፤ አይፈረድባቸውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አያ ጀማሉዲን አንድ ጆንያ ካሮት ይዘው ደሴ ቤታችን መጡ። ፀጋዬ ካርታውን ሊጨርሰው ቤት አምጥቶት ነበርና እንደ ልጅ እየተደሰተ ዘረጋላቸው።

«ይኸው አያ! ይቺ ቤትዎ፣ ይቺ ቦይዎ፣ ይሄ ሁሉ ካብዎ!»

ፊታቸው ደም አጣ። «ይኼን ማን ማን ያየዋል?»

«ወረዳውም ያየዋል፣ ዞኑም።»

«ያረቢ! በአላህ ይዤሃለሁ ፀጋዬ፣ ከዚህ ወረቀት አውጣኝ። ተመርቶልኝ የያዝኩት አይደለም፤ ካዩት ይደለድሉታል። ሰርዘኝ!»

«ዓይኔ ያየውን የለም ብዬ ልሣል?»

«ድንጋይ ነው በል። ድሮስ ድንጋይ አልነበር? ወላሂ ሌላ የምበላው የለኝም።»

ፀጋዬ ዞሮ እኔን አየኝ። ምን እንዳልኩት ልንገራችሁ? «ለሰው ብለህ ነው፤ ጌታ ልብህን ያያል» አልኩት። ምላጩን አወጣ። መጀመሪያ ቤቷን፣ ከዚያ ቦዩን፣ ከዚያ ካቦቹን አንድ በአንድ ፋቃቸው። የሻከረውን ወረቀት በጥፍሩ ጀርባ አለሰለሰና የድንጋይ ምልክት የሆኑትን ነጠብጣቦች ጣል ጣል አደረገበት። «ጠፍ መሬት» ብሎም ጻፈ። አያ ጀማሉዲን እጁን ሊስሙት ሲሉ አፍሮ ነጠቃቸው።

በዘጠና ሰባት ገበሬው ሁሉ ተመዝግቦ የይዞታ ደብተር ይውሰድ ተባለ። ፀጋዬ ይኼን እንደሰማ በሐረጎ ቁልቁል በሚኒባስ ወርዶ አያ ጀማሉዲንን ለመናቸው። «አያ፣ ይኼኛው ለእርስዎ የሚበጅ ነው፤ ይመዝገቡ።»

«አብሽር!» አሉት እየሳቁ። «ተመዝግቦ ያልተወሰደበትን አንድ ሰው ጥራልኝ። መዝጋቢዎቹ ያንተን ካርታ ይዘው መጡ፤ እዚያ ማዶ ጠፍ ነው አሉና አለፉኝ። ውለታህ እስካሁን እየጠበቀኝ ነው።»

መጥቶ ሲነግረኝ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምኑ እንዳሳቀኝ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቀውም።

ሁለት ሺህ ስድስት ላይ ኮምቦልቻ ልትሰፋ ነው፣ የፋብሪካ ሼድ ይሠራል ተባለና አጋምሳ ተከለለች። ደብተር ያለው ሁሉ ካሳና ምትክ ቦታ ይሰጠዋል። የአያ ጀማሉዲን ስም የትም የለም። ኮሚቴው ዘንድ ቢሄዱ አንድ ባለላፕቶፕ ባለሙያ የፀጋዬን ካርታ በስክሪን ከፍቶ አሳያቸው። «አባባ፣ በሰማንያ ዘጠኝ እዚህ ቦታ ምንም አልነበረም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ወረው የያዙት ነው። ሕገወጥ ሰፋሪ ነዎት» አላቸው። በአሥር ቀን ውስጥ ቤታቸውን አፍርሰው እንዲነሡ ተነገራቸው። ቅሬታ ያለው በእነዚሁ አሥር ቀናት ያቅርብ ተባለ።

በማግሥቱ ደሴ ነበሩ። ጉሙ ጋቢያቸውን አርሶታል። ቁጭ በሉ ብላቸው አልቀመጥ አሉ። «እዚያ እንደነበርኩ ከአላህ ቀጥሎ የምታውቀው አንተ ነህ። መስክርልኝ» አሉት። ፀጋዬ ወዲያው ኮቱን አነሣ።

ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ቀርቶታል። የመንግሥት ካርታ አጭበረበርኩ ብሎ በገዛ አፉ ሊናገር! «ያስሩሃል፣ ጡረታህንም ያስቀሩብሃል! እኔስ? ልጃችን አቢጌልስ ትምህርቷን በምን ትጨርስ?» ብዬ ጮህኩ፣ አለቀስኩ። አያ ጀማሉዲን ይኼን ሁሉ ቆመው ሰሙ፤ «እሷም እውነቷን ነው» ብለው ወጡ። ከአጥቢያችን ሽማግሌ ጭምር አስመጥቼ ስድስት ቀን ያዝኩት። ስድስቱን ቀን ቤታችን ውስጥ ሰው የሞተ ይመስል ነበር፤ በመጨረሻ እኔው መቋቋም አቅቶኝ «ሂድ፣ የመጣው ይምጣ» አልኩት።

በሰባተኛው ቀን የቢሮውን ዕቃ ግምጃ ቤት አስከፍቶ ገባ። የድሮዎቹ ካርታዎች በኮምፒዩተር ከተገለበጡ ወዲህ ዋናዎቹ እዚያ ተጠቅልለው ተጥለዋል። ማታ አቧራ በአቧራ ሆኖ እየሮጠ መጣ። «አገኘሁት! ጠባሳው አለ!» በመብራት አሻግረን አየነው። እውነትም ምላጭ የነካው ቦታ ከሌላው ሳስቶ፣ የቤቲቱ አራት ማዕዘን፣ የቦዩ መስመር፣ ካቦቹም እንደ ጥላ ይታያሉ። ኮምፒዩተሩ ላይ ይኼ ሁሉ አይታይም። እልል አልኩ። አያ ጀማሉዲን ተረፉ፣ እኛም ከኃጢአቱ ተረፍን ብዬ ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

በማግሥቱ አብረን ወረድን፤ አያ ጀማሉዲንን ይዘን ኮሚቴው ዘንድ ቀረብን። እኔ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ በተከፈተው በር ሁሉን አየሁ፣ ሰማሁ። ፀጋዬ አንድም ሳይደብቅ ተናገረ፤ ቤቱ ነበር፣ ማሳው ነበር፣ ፈርተው ለመኑኝ፣ እኔ ፋቅኩት አለ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ «ምን ሰጥተውዎት ነው?» አለው።

«አንድ ጆንያ ካሮት።» ውሸት አይሆንለትማ! ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አያ ጀማሉዲን አንገታቸውን ደፉ።

ባለላፕቶፑ አልሳቀም። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሥራ ሲጀምር ፀጋዬ ሥር ነበር የሠለጠነው። ካርታውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አሻግሮ አየና፣ «ልክ ነው፣ እዚህ ጋ ተፍቋል» አለ። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። «ግን ጋሼ» አለ፣ «የተፋቀ ማለት የታረመ ስህተት ማለት ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። መጀመሪያ ተሳስተው ሣሉ፣ ከዚያ አረሙ። እኛ የእርስዎን ካርታ ይዘን መሬት ላይ ወርደን አንድ ሜትር ስተውብን አያውቁም። አሁን ለወዳጅዎ አዝነው ነው እንጂ።»

«እኔ ነኝ የሣልኩት! እኔ ውሸት ነው እያልኩህ!» ፀጋዬ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ማኅተም ያለበት ካርታው ነው ጋሼ» አለ ልጁ ቀስ ብሎ። ፀጋዬን አላሰሩትም፣ ጡረታውንም አልነኩበትም። ያመነው ሰው ሲኖር አይደል የሚያስሩት!

በአሥራ አንደኛው ቀን ዶዘሩ መጣ። እኛም እዚያው ነበርን። እትዬ ኡሙሰልማ ገና ጣት ያላከለውን ካሮት እየነቀሉ ጆንያ ውስጥ ይከታሉ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ትንሽ ጠበቃቸው፤ ከዚያ «እናቴ፣ እኔም ታዝዤ ነው» ብሎ አስነሣው። ስድስት ዓመት የተካበው ካብ እስከ ቀትር አልቆየም። ቦዩ ሲቆረጥ ውሃው የሚሄድበት አጥቶ በዶዘሩ ሰንሰለት ሥር ተኛ። አያ ጀማሉዲን ሙንዚር ኮምቦልቻ ወደተከራያት አንድ ክፍል የሚሄድ ፍራሻቸውን በጋሪ ላይ ያስራሉ።

ፀጋዬ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። በክርናቸው ደግፈው አነሡት።

«ተው እንጂ ወንድሜ! ሰርዘኝ አልኩህ፣ ሰረዝከኝ። አንተ ምን አጠፋህ?»

ቁጣ የለበትም ድምፃቸው። ቢሰድቡት፣ በዱላቸው ቢሉት ምን ነበረበት! እኔን ደግሞ «ያለምወርቅ፣ አይዞሽ» አሉኝ። እኔን! ስድስት ቀን ባሌን የያዝኩባቸውን! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢሮው ፀጋዬን አንድ የመጨረሻ ሥራ አዘዘው። የአጋምሳን የድሮ ካርታ ይዞ ይውረድ፣ መሬት ላይ ካለው ጋር ያስተያይ፣ የተለወጠ ካለ ያርም፣ ከሌለ ይፈርም ተባለ። እንዳይሄድ ለመንኩት፣ ታመምኩ በል አልኩት። ሄደ። ሲመለስ እንግዳ ይመስል ኮቱን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እህ?» አልኩት።

«ልክ ነው ያለምዬ» አለኝ። «ካርታው ላይ ጠፍ መሬት ይላል፣ መሬቱም ጠፍ ነው። ምንም የሚታረም የለውም። ፈርሜ መጣሁ።»